ከምድር ቤቱ ግድግዳ ጀርባ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ውሃ የሚከላከሉ ሠራተኞች ደኅንነት

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት መሬት የተቆረቆረች ከተማ ናት። እዚህ ሕንፃ የሚያቆም ሰው ተዳፋቱን ቆርጦ ይገባል። ስለዚህ ከመንገድ ሲያዩት ፊት ለፊት የሚታየው ምድር ቤት ከጀርባው አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ቁልቁል ይወርድና ያንን የጀርባ ግድግዳ ይገፋዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ደግሞ የቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ስላለች ውሃው ከወለል በታችም ሊመጣ ይችላል። ግድግዳውን በሬንጅ፣ በሜምብሬን ወይም በኬሚካል መሸፈን የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን በመጀመሪያ አደገኛ የሚያደርገውም ያው ውሃ ነው።

ኮንክሪቱ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ በግድግዳውና በተቆረጠው አፈር መካከል ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ሬንጅ የሚቀባው ሠራተኛ እዚያ ውስጥ ፊቱን ለግድግዳው፣ ጀርባውን ለአፈሩ ሰጥቶ ይቆማል። ቁፋሮው ካለቀ ሳምንታት ስላለፉ አፈሩ የጸና ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ተቆርጦ የቆየ አፈር በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ የገባው ውሃ አፈሩን እያከበደ መያያዣውን ያላላዋል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆን እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ በየጠዋቱና ዝናብ በጣለ ቁጥር አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው አፋፉን ዞሮ ይመልከት። ከአፋፉ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ስንጥቅ፣ ከሥር የሚመነጭ ድፍርስ ውሃ ወይም በትንሽ በትንሹ የሚረግፍ ጓል ካየ ማንም እንዳይወርድ ያድርግ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ቁፋሮ፣ ድፍን ዐለት ካልሆነ በቀር፣ በተዳፋት እንዲቆረጥ ወይም በድጋፍ እንዲያዝ ያዛል። ተቆፍሮ የወጣው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅና መውጫ መሰላል ከሠራተኛው ከ7.5 ሜትር እንዳይርቅም ይጠይቃል። ደንቡ የአሜሪካ ቢሆንም ልኩ ለእኛም መመሪያ ይሆናል።

ሁለተኛው አደጋ አየሩ ነው። የሬንጅ ማቅጠኛ ትነትም ሆነ ሜምብሬን ለማጣበቅ የሚነደው የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይተኛል። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ የሚተነፍሰውም እዚያው ነው። አፍንጫ ሽታውን ስለሚለምደው ሽታው የጠፋ ሲመስል ትነቱ አሁንም አለ። ውሃ ለመሳብ ጉድጓድ ውስጥ የተነሣ የሞተር ፓምፕ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ሰውነት ተጨማሪ የኦክስጅን እጥረትን የመቋቋም አቅሙ ይጠባል። ስለዚህ ሞተሩና ሲሊንደሩ ከጉድጓዱ ውጭ ይቅሩ፣ የሚወርደው ቱቦ ብቻ ይሁን። ማቅጠኛው ሳይደርቅ እሳት አይለኮስ። ንጹሕ አየር በማራገቢያ እስከ ወለሉ ይግባ። የጨርቅ ማስክ ትነትን አያቆምም።

የጋለ ሬንጅ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድና ወደ ሐኪም መሄድ ነው እንጂ መላጥ አይገባም፤ ቆዳው አብሮ ይነሣል።

አንድ ሰው ሲወድቅ የሚሆነውም አስቀድሞ ይታሰብበት። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። በሕንፃ ጉድጓድም ጓደኛውን ለማዳን ዘሎ የገባው ሁለተኛ ሟች ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ሥራው እስኪያልቅ ከአፋፉ የማይለይ ጠባቂ ማቆምና ታች ያለውን ሰው በቀበቶና በገመድ ማሰር ነው። ያኔ በትነት ራሱን የሳተውን ማንም ሳይገባ ከላይ መሳብ ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ነው። በወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም ስለሚዘንብ የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ቆፍሮ፣ ግድግዳ ሞልቶ፣ ቀብቶ፣ አፈር መልሶ ለመጨረስ ጊዜው አጭር ነውና መርሐ ግብሩ በዚያ ልክ ይውጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የቀን ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። የሕንፃ ባለቤቶች ሆይ፣ የአፈር ድጋፉን፣ ማራገቢያውንና የጠባቂውን ደመወዝ በውሉ ውስጥ ራሱን በቻለ ዋጋ አስቀምጡ። ዋጋ ያልተያዘለት ጥንቃቄ ጉድጓዱ ውስጥ አይገኝም።