የቤት ውኃ ማጣሪያ አያያዝ

በዛሬው ጊዜ በብዙ ከተሜ ቤት፥ ከወጥ ቤቱ ጥግ ወይም ከምግብ ቤቱ ማዕዘን፥ ላይና ታች ሆኖ የተደራረበ የውኃ ማጣሪያ በአነስተኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ዕቃው የተገዛ ዕለት በክብር ወደ ቤት ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣም «የተጣራ ነውና ያለ ሥጋት ጠጡ» ይባልበታል። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ግድግዳ ሥዕል የሚመለከተው እንጂ የሚመረምረው የለም። ከላይ ይጨመርበታል፥ ከታች ይቀዳበታል፥ እንዲሁ ሆኖ ዓመት ይሞላዋል።

እኔም ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በቤታችን ያለው ማጣሪያ ውኃ ማውረዱን እጅግ አዘገየ። ባለቤቴ ደጋግማ ብታሳስበኝ፥ ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝና ዐዋቂ መስዬ፥ በውስጡ እንደ ሻማ የቆመውን ነጭ ሸክላ ነቅዬ አወጣሁና የፈላ ውኃ ቸለስሁበት። ተሕዋስያኑን ሁሉ የፈጀሁ መስሎኝ ነበር። መልሼ ብገጥመው በማግሥቱ ውኃው እንደ ምንጭ ይወርድ ጀመር። ቤተ ሰቡ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ያለ ኀፍረት ተቀበልሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አራት ዓመት የሆናት ታናሺቱ ልጃችን በተቅማጥና በትኩሳት ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ሐኪሙ «ምን ዓይነት ውኃ ትጠጣለች?» ብሎ ቢጠይቀን፥ «የተጣራ» ብለን ሁለታችንም በአንድ ቃል መለስን። ልጅቱ ከብዙ ድካም በኋላ ዳነች። እኔ ግን ከዚያ ስመለስ ሻማውን አውጥቼ በፀሓይ ብርሃን ብመረምረው፥ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ከጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ ዙሪያውን ከቦት አገኘሁ። ሕመሟ ከዚያ የመጣ መሆኑን በርግጥ መናገር አልችልም። ሆኖም ያ ያስመሰገነኝ ፍጥነት በስንጥቁ በኩል የሚያልፈው ያልተጣራ ውኃ ነበር።

የሸክላው ማጣሪያ አሠራር ከወንፊት አሠራር የተለየ አይደለም። ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን ያስቀራል፤ ሸክላውም ውኃውን አሳልፎ ጭቃውንና ተሕዋስያኑን ያስቀራል። የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያዎች ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ እጅ አንድ እስከ ሦስት ያህል ሲሆን፥ የጥሩ ሸክላ ቀዳዳዎች ግን ከአንዱ ሺሕኛ እጅ እንኳ ያንሳሉ። አሜባና ጃርዲያማ ከባክቴሪያ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ስለ ሆኑ ይበልጥ በቀላሉ ይያዛሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ወንፊት ቢቀደድ እመቤቲቱ ወዲያው ታየዋለች፥ የሸክላው መቀደድ ግን ለዓይን አይታይም።

ይህ ዓይነቱ ማጣሪያ የቆየ ታሪክ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 የፓስተር ባልደረባ የነበረው ሻርል ሻምበርላን ከፖርሴሊን የተሠራ ማጣሪያ አወጣ፤ በ1891 ደግሞ በርከፌልድ የተባለው ጀርመናዊ፥ ከጥንት ረቂቃን የውኃ ዕፀዋት ቅርፊት ከተከማቸ ነጭ አፈር ሌላውን ሠራ። እንዲህ ያለው አፈር በአገራችን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢም ይገኛል። በተከታዩ ዓመት በ1892 ሐምቡርግ በምትባለው የጀርመን ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 የሚበልጥ ሕዝብ ፈጀ። ሐምቡርግ የኤልባን ወንዝ ውኃ ሳታጣራ ታጠጣ ነበር፤ ከእርስዋ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘችው አልቶና ግን ከሐምቡርግ ፍሳሽ በታች ከዚያው ወንዝ እየቀዳች፥ በአሸዋ ስላጣራችው ብቻ ከመቅሠፍቱ አብዛኛውን አመለጠች። ታሪኩን የሚያውቁ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። በ1893 መግቢያ ግን በዚያችው በአልቶና በሽታው ብቅ አለ፤ ሮበርት ኮኅ ምክንያቱን ሲመረምር፥ በብርድ ወራት ለጽዳት ውኃው በተራቈተበት ጊዜ አንዱ የአሸዋ ማጣሪያ በረዶ ይዞት መበላሸቱን አገኘ። ከተማዪቱን ያዳነው ማጣሪያ በጽዳቱ ላይ በደረሰ ጉድለት ከዳት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ዕቃ እንመለስ። ውኃው ሲዘገይ ሸክላው ታመመ ማለት አይደለም፤ የያዘው እድፍ ቀዳዳዎቹን ስለ ደፈነ ነው። መድኃኒቱም ማሸት ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ ሻማውን ማውጣት፥ ውኃ የሚወርድበትን እግሩን ወደ ላይ አቅንቶ መያዝና እድፉ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ መጠንቀቅ፥ ከዚያም በንጹሕ ውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን በእኩልነት ማሸት ይገባል። ለሸክላው ሳሙና አይነካውም፤ ጣዕሙን ለብዙ ቀን ይዞ ይኖራልና። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦም ሸክላውን ይበላዋል። የፈላ ውኃን ነገር እኔ ከፍዬበታለሁ፤ ድንገተኛ ሙቀት ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፥ ከፕላስቲክ እግሩ ጋር ያጣበቀውንም ሙጫ ያላቅቃል። ሲመለስም ዳዶው በእጅ ብቻ ይጥበቅ፤ ፒንሳ ጥርሱን ይሰብረዋል። በሥሩ ያለው የጎማ ቀለበት የደረቀ ወይም የተጣመመ እንደ ሆነ፥ ሸክላው ምንም ደኅና ቢሆን ያልተጣራው ውኃ በዚያ በኩል ይሾልካል። ከታሸ በኋላ መጀመሪያ የወረደው ውኃ ለመጠጥ ሳይሆን ለሌላ ሥራ ይዋል።

ነገር ግን እያንዳንዱ ማሸት ከሸክላው ጥቂት ይወስዳል። ስለዚህ ማጣሪያውን የሚያስረጅመው ማሸቱ ሳይሆን፥ ማሸት እንዳያስፈልግ ማድረጉ ነው። በክረምት ወይም ቧንቧ ተቋርጦ ሲመለስ የሚመጣው ቡናማ ውኃ በፍጹም በቀጥታ አይጨመርበት። በባልዲ አድሮ ይጥለል፥ ከላይ ያለው ጥሩው ብቻ ቀስ ብሎ ይገልበጥ፥ ይህም በታጠፈና በታጠበ አሮጌ ነጠላ ይለፍ። ጠላ በማጥለል የሠለጠነች እመቤት ይህን ከእኔ መማር አያስፈልጋትም። ሮቶ ያለበት ቤት ደግሞ የሮቶው ደለል በየጊዜው ካልተጠረገ፥ በየሳምንቱ ሻማ ሲያሽ ይኖራል።

የሸክላውን መሳሳት ለማወቅ አዲስ ሳለ ወገቡን በክር ለክቶ ክሩን ማስቀመጥ ይበቃል። ከአንዳንዱ ማጣሪያ ጋር መለኪያ አብሮ ይመጣል፤ መለኪያው በሻማው ላይ ካለፈ ጊዜው አልፏል። ስንጥቁን ለማግኘት ግን ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ሻማው በውኃ ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ በደንብ ከራሰ በኋላ፥ በእግሩ ላይ ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ ሰክቶ፥ ሸክላውን ውኃ ውስጥ እንደ ጠለቀ በቀስታ መንፋት ነው። በራሰ ጤነኛ ሸክላ የሰው እስትንፋስ አያልፍም፤ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ስለ ሆኑ ውኃው አጥብቆ ይይዛቸዋል። ከአንድ ስፍራ አረፋ ሲነሣ ከታየ ግን ሸክላው ተሰንጥቋልና ይጣል። ሙጫ እቀባለሁ ብሎ ገንዘብ ለማዳን መሞከር ከንቱ ነው።

ከሸክላው ይልቅ የሚዘነጋው የታችኛው ዕቃ ነው። ጥሩ ውኃ በቆሸሸ ዕቃ ቢጠራቀም መልሶ ይበከላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፥ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ተለቅልቆ፥ እንደገና በተጣራ ውኃ ይለቅለቅ። የመቅጃው አፍ ልጆች በየደቂቃው የሚነኩት ስለ ሆነ አብሮ ይታጠብ። ዕቃውም ፀሓይ ከማይመታበት ይቀመጥ፤ አለዚያ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል።

ሸክላ የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቫይረሶች እጅግ ረቂቃን ስለ ሆኑ ያልፉታል፤ ስለዚህ ለሕፃናትና ለሕሙማን የተጣራውን ማፍላት ይሻላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ስፍራ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በስምጥ ሸለቆ የጥርስ መበለዝን የሚያመጣው ፍሎራይድ ደግሞ በውኃው ውስጥ የሟሟ ስለ ሆነ ሸክላም ማፍላትም አያስወግዱትም፤ በዚያ አገር ከተቃጠለ አጥንት የተዘጋጀ ከሰል ያለበት ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ያስፈልጋል። በከሰል የሚያጣሩ ሁሉ ከሰሉ ጉልበቱን ሲጨርስ ውኃው ስለማይዘገይ፥ የሚቀየርበት ቀን ተጽፎ ካልተያዘ ማለቁ አይታወቅም።

በእኛ ቤት ያ ቀን ዛሬ በማጣሪያው ጀርባ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ የተለካበትም ክር ከሥሩ ተጠቅልሎ ይገኛል። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሻማው በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ተነክሮ ሲያድር፥ በማግሥቱ ቱቦውን የምትነፋው ያቺ ታማ የነበረችው ልጅ ናት። አሁን አድጋለች። እኔ ልንፋው ብል «አባዬ፥ አንተ ፈጥነህ ትነፋለህ» ብላ ትከለክለኛለች።