የወራሾች የጋራ ቤት ስም ዝውውር

የወራሾች የጋራ ቤት ስም ዝውውር ከወላጅ በውርስ ለልጆች በጋራ የተላለፈ መኖሪያ ቤት ወደ አንዱ ወራሽ ስም የሚዞርበት ሕጋዊ ሂደት ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በዋናነት የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

በአዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው 18 ማዞሪያ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች ጉዳዩ በአብዛኛው የሚነሳው ወላጅ ከሞተ በኋላ ነው። አንዱ ልጅ ወላጆቹን እየጦረ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሌሎቹ ትዳር ይዘው ወይም ውጭ አገር ሄደው ይወጣሉ፤ ካርታው ግን በሟች ስም እንዳለ ይቆያል።

የሚወረሰው ምንድን ነው?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንደማይሸጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ለወራሾች የሚተላለፈው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ወላጆች በኪራይ የኖሩበት የቀበሌ ቤት ግን የሟች ንብረት ስላልሆነ በውርስ አይከፋፈልም።

የድርሻ አከፋፈል

ኑዛዜ ከሌለ በአንቀጽ 842 መሠረት የሟች ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ሴት ወይም ወንድ፣ ታላቅ ወይም ታናሽ፣ በጋብቻ ውስጥ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለድ ለውጥ አያመጣም።

ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሚወረሰው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። ለምሳሌ እናት ሞተው አባትና አራት ልጆች ቢቀሩ፣ የአባት ድርሻ 1/2 ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ 1/8 ያገኛል። ቤቱ ውስጥ መኖር ብቻውን ድርሻ አይጨምርም፤ ሆኖም ነዋሪው ልጅ ለቤቱ ያወጣውን አስፈላጊ ወጪ በማስረጃ አስደግፎ በክፍፍል ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል።

የዝውውር ሂደት

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው እርምጃ ከከተማው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ነው። ማረጋገጫው ወራሽ ማን እንደሆነ ያሳያል እንጂ ቤቱን ለማንም ለይቶ አይሰጥም። ቤቱ በጋራ እስካለ ድረስ ሙሉውን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት ያስፈልጋል።

ቤቱን ለአንዱ ለማድረግ ሦስት መንገዶች የተለመዱ ናቸው፦

* ክፍፍል፦ ወራሾች የውርሱን ንብረት ሲከፋፈሉ ቤቱ ለአንዱ ይደርሳል፤ እሱም ለሌሎቹ ማካካሻ ይከፍላል።
* ሽያጭ፦ ሌሎቹ ድርሻቸውን ለአንዱ ይሸጣሉ።
* ስጦታ፦ ድርሻቸውን ያለ ክፍያ ይለቃሉ። በአንቀጽ 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በተወሰነው ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም።

የመንገዱ ምርጫ በይዞታው ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል።

ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል። ከዚያም ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ተጣርቶ፣ የሚፈለገው ክፍያ ተፈጽሞ ካርታው በአዲሱ ባለቤት ስም ይዞራል። ውጭ አገር ያለ ወራሽ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና መስጠት ይችላል፤ ቤት ለመሸጥ ግን ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ይህን ሥልጣን የሚሰጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል።

ስምምነት ሲጠፋ

ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል እንዲደረግ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነና ወራሾቹ ካልተስማሙ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል።

ዝውውሩ በዘገየ ቁጥር የባለድርሻዎች ቁጥር ይጨምራል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 1/8 ድርሻ ያለው ወንድም ሳይናዘዝ ሦስት ልጆች ትቶ ቢሞት፣ እያንዳንዱ ልጅ የ1/24 ባለድርሻ ይሆናል። በአራቱ ልጆችና በአባት መካከል በአንድ ስምምነት ሊያልቅ ይችል የነበረው ጉዳይም ሌላ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ የሞግዚት ተሳትፎ ይጠይቃል።