ተጨማሪ መረጃ፦ ዝሆኑና የቅጥራን በርሜሉ

(ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሜሪላንዷ ከተማ ከሎረል ብዙ ሳይርቅ፣ በዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ከ14,000 በላይ የኸርብሎክ ሥዕሎች ይገኛሉ። ኸርበርት ብሎክ በዚህ የብዕር ስም ከ1946 እስከ 2001 ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ካርቱን ሣለ።

ማርች 29 ቀን 1950 በወጣው ሥራው የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች አንድ ዝሆን እየጎተቱና እየገፉ ወደ ተደራረቡ የቅጥራን ባልዲዎች ይወስዱታል። ከክምሩ አናት ባለው በርሜል ላይ «ማካርቲዝም» ተጽፏል። ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በቂ ማስረጃ ሳያቀርብ ሰዎችን በኮሚኒስትነት ይወነጅል ነበር። ቅጥራን የነካው ልብስ በቀላሉ አይጸዳም፤ በሐሰት የጎደፈ ስምም እንዲሁ ነው። ብሎክ ይህን ሁሉ በአንድ በርሜል መናገሩ እጅግ ያስደንቃል። «ማካርቲዝም» የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ እንዲለመድም ካርቱኑ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ዝሆኑ ግን የቆየ ነው። የፓርቲው ምልክት አድርጎ ያስለመደው ቶማስ ናስት በ1874 በሃርፐርስ ዊክሊ ላይ በእንጨት ቅርጽ ኅትመት አውጥቶት ነበር። በዚህ ስልት ሥዕሉ በጠንካራ እንጨት ገጽ ላይ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ይነደፋል፤ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ክፍል ይቦረቦራል፤ ከፍ ብሎ የቀረው መስመር ቀለም ይቀባና በወረቀት ላይ ይታተማል። ናስት በ1871 የኒው ዮርኩን ሙሰኛ ፖለቲከኛ ዊልያም ትዊድን ያጋለጠውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው መልእክቱን ተረድቷል።

የኅትመት ጥበብን በእጁ መሞከር የሚሻ ተማሪ፣ ቀድሞ በሲልቨር ስፕሪንግ የነበረውን፣ አሁን ከሎረል በስተደቡብ በሃያትስቪል የሚገኘውን የፒራሚድ አትላንቲክ የጥበብ ማዕከል ይጎብኝ።