የአፍሪካዊው ፖሊስ ሹመት በጐልድ ኮስት

በዚህ አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ያገለግል የነበረው አፍሪካዊ ፖሊስ በማዕረግ እስከ ምን ድረስ ይደርስ እንደ ነበረ ለመግለጽ እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነው የዛሬዋን ጋናን፣ የቀድሞዋን ጐልድ ኮስትን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ፖሊስ መሠረት ከሆኑት መካከል እንግሊዞች በ1873 ለአሻንቲ ጦርነት ያመጧቸው የሐውሳ ወታደሮች ይገኙበታል። ለባሕሩ ዳርቻ ሕዝብ ባዕድ የሆነ ሰው ያለ ይሉኝታ ትእዛዝ ይፈጽማል ተብሎ ይታመን ነበር። ኋላም ፖሊሱ በሁለት ተከፈለ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት በከተማ ወንጀል ሲከታተሉ፣ በብዛት ከሰሜን የተመለመሉት ያልተማሩት ደግሞ ጠመንጃ ይዘው ለጥበቃና ለአጀብ ይሰለፉ ነበር። የመኰንንነቱ ማዕረግ ግን ለረጅም ጊዜ ከጥቂቶች በቀር ለእንግሊዞች የተጠበቀ ነበር። ስለዚህ ብዙ ዘመን ያገለገለው አፍሪካዊ ከእንግሊዝ አገር አዲስ ለመጣ ወጣት ይታዘዝ ነበር።

የዚህ ሥርዓት ችግር የካቲት 28 ቀን 1948 በአክራ በግልጽ ታየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች አቤቱታቸውን ለገዥው ለማቅረብ ሲሄዱ ኢምሬ የተባለው እንግሊዛዊ የፖሊስ ሹም መንገድ ዘጋባቸው። እንዲተኩሱ ያዘዛቸው አፍሪካውያን ፖሊሶች ሳይተኩሱ ቢቀሩ፣ ከአንዱ እጅ ጠመንጃ ነጥቆ ራሱ ተኰሰ። ሦስት የቀድሞ ወታደሮች ሞቱ።

ጋና በ1957 ነፃነቷን አገኘች። በ1958 ኢ. አር. ቲ. ማጂቴ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የፖሊስ ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። ነገር ግን ጥር 2 ቀን 1964 አንድ ፖሊስ በፕሬዚዳንት ንክሩማ ላይ ተኵሶ ስቷቸው ጠባቂያቸውን ገደለ። ከዚህም የተነሣ ማጂቴ ከሥራቸው ተሰናብተው ታሰሩ፤ ፖሊሶቹም ትጥቃቸውን እንዲፈቱ ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የአዛዡ አፍሪካዊ መሆን የሚገባና የዘገየ ፍትሕ ቢሆንም፣ ለብቻው በቂ አለመሆኑን ነው። የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ተጠሪነቱ ለገዥው እንጂ ለሕዝቡ አልነበረም። ገዥው ሲለወጥ ይህ ተጠሪነት አብሮ ካልተለወጠ፣ ኮሚሽነሩም ሆነ ተራው ፖሊስ ከሕግ ይልቅ በሥልጣን ላይ ባለው ሰው ፈቃድ ይሾማል፤ በፈቃዱም ይሻራል።