የስፕሊት ኤር ኮንዲሽነር የኤሌክትሪክ መስመር

በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ፣ በጅቡቲ ወይም በሞምባሳ ለሚኖር ሰው ስለ ሙቀት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በነዚህ ቆላማ ስፍራዎች የአየር ቦይ የማያስፈልገውና በሁለት አካል የተከፈለው ስፕሊት የሚባለው ማቀዝቀዣ በቢሮው፣ በክሊኒኩ፣ በሆቴሉና በመኖሪያ ቤቱ በብዛት ይታያል። ስለ ማሽኑ ዋጋ ብዙ ይነገራል፤ በግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚያልፈው ሽቦ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ቢበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ ሽቦው ያለ አግባብ ቢዘረጋ ግን ቤት ሊቃጠል፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተማሪውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለማድረግ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ የሚማረው የኦም ሕግ በዚህ መሣሪያ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ነው።

1. መሣሪያውና የሚፈልገው ኃይል

የውስጠኛው አካል የክፍሉን አየር የሚያዞር ማራገቢያና ሙቀትን የሚቀበል የቱቦ ጥቅልል አለው። የውጭው አካል ደግሞ ኮምፕሬሰሩን፣ ሁለተኛውን ጥቅልልና ሌላ ማራገቢያ ይይዛል። ሁለቱን የሚያገናኙት ማቀዝቀዣው ጋዝ የሚመላለስባቸው የመዳብ ቱቦዎችና አንድ የኤሌክትሪክ ኬብል ናቸው።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው መጠን በሰዓት 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. የሚባለው ሲሆን፣ ይህ 3,500 ዋት ያህል ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ቁጥር ለ220 ቮልት አካፍለው «16 አምፔር ይፈልጋል» ይላሉ። ስሌቱ ልክ ቢሆንም አስተሳሰቡ ልክ አይደለም። 3,500 ዋት ከክፍሉ የሚወጣው ሙቀት እንጂ ከቆጣሪው የሚገባው ኤሌክትሪክ አይደለም። ማሽኑ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ያጓጉዛል። ለዚህም የማጓጓዣ ሥራ 1,200 ዋት ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ፦

1,200 ÷ 220 = 5.5 አምፔር ገደማ

ትክክለኛው ቁጥር ግን በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የሚነበበው ነው።

2. የሽቦው ውፍረት

ማቀዝቀዣው ከማከፋፈያው ሰሌዳ የሚነሣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ከማብሰያ ምድጃ ወይም ከማቀዝቀዣ ሣጥን ጋር በአንድ መስመር ላይ ሊደረብ አይገባም።

ከሰሌዳው እስከ ማሽኑ 25 ሜትር ነው እንበል። ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 50 ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ርዝመትና 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.0175 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ስለዚህ፦

በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፦ 0.0175 × 50 ÷ 2.5 = 0.35 ኦም
በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፦ 0.0175 × 50 ÷ 1.5 = 0.58 ኦም

በ5.5 አምፔር በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት 1.9 እና 3.2 ነው፤ ልዩነቱ የሚያሳስብ አይመስልም። ነገር ግን የቆየው ዓይነት፣ ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ኮምፕሬሰር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ኮረንቲ ይስባል። 30 አምፔር ቢስብ በወፍራሙ ሽቦ 10.5፣ በቀጭኑ 17.5 ቮልት ይጠፋል። በምሽት የመንደሩ ኃይል ወደ 190 ቮልት ወርዶ ከሆነ፣ በቀጭኑ ሽቦ ለሞተሩ የሚደርሰው 172 ቮልት ገደማ ነው። የሞተሩ የማስነሻ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ጉልበቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። ሞተሩም መነሣት አቅቶት እያጓራ ይግላል።

ኢንቨርተር የተባለው አዲሱ ዓይነት በዝግታ ስለሚነሣ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ሆኖም ኃይሉን ላለመቀነስ ቮልት ሲጎድልበት ኮረንቲ ይጨምራል፤ 1,200 ዋት በ180 ቮልት 6.7 አምፔር ነው።

ብሬከሩ የሚመረጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው። አዘውትሮ ሲወርድ ምክንያቱን መፈለግ እንጂ በትልቅ ብሬከር መተካት፣ የዘበኛን ዓይን ሸፍኖ ሌባ የለም እንደ ማለት ነው።

3. ሁለቱን አካላት የሚያገናኘው ኬብል

በብዙ ሞዴሎች ይህ ኬብል አራት ሽቦ አለው። ሁለቱ ኃይል ያደርሳሉ፤ ሦስተኛው በውስጠኛውና በውጭው አካል መካከል መልእክት ያመላልሳል፤ አራተኛው የመሬት ሽቦ ነው። ማያያዣዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተጽፏል፤ ቁጥር ከቁጥሩ ጋር መገናኘት አለበት። ቢዘዋወሩ ማሽኑ የስሕተት ምልክት ያሳያል፤ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳውም ሊቃጠል ይችላል። የመልእክቱ ሽቦም ቢሆን አደገኛ ቮልት ሊይዝ ስለሚችል በእጅ አይነካም።

ዋናው ኃይል በአንዳንዱ ሞዴል በውጭው፣ በሌላው በውስጠኛው አካል በኩል ይገባል። ስለዚህ በግምት ከመሥራት በክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን ንድፍ ማንበብ ይገባል። በቀለም ብቻ መተማመንም አይበጅም። በብሪታንያ ልማድ በተሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ አሮጌ ቤቶች ጥቁሩ ሽቦ ኒውትራል ነበር፤ በአሁኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ ኒውትራሉ ሰማያዊ ሲሆን ጥቁሩ ፌዝ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሳይለኩ ማገናኘት ሞትን መጋበዝ ነው።

4. ብሬከሩ የማያያቸው ሁለት አደጋዎች

አንደኛው የላላ መጋጠሚያ ነው። በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ወይም በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ 0.5 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ የሚፈጠረው ሙቀት 5.5 × 5.5 × 0.5 = 15 ዋት ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት ትንሽ መበየጃ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ይህ ሁሉ ሙቀት በጣት ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ ሲያርፍ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል። ኮረንቲው ግን ያው 5.5 አምፔር ስለሆነ ብሬከሩ ምንም አያውቅም።

ሁለተኛው የመሬት ሽቦ አለመኖር ነው። በውጭው አካል ውስጥ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ቢነካና የመሬት ሽቦ ባይኖር፣ ቆርቆሮው 220 ቮልት ይዞ ይቆማል። እጁ እርጥብ የሆነ ልጅ ሲነካው የሰውነቱ ተቃውሞ 2,000 ኦም ቢሆን፣ የሚያልፍበት ኮረንቲ 220 ÷ 2,000 = 0.11 አምፔር ነው። ይህ ለመግደል ይበቃል፤ 16 አምፔር ለሚጠብቀው ብሬከር ግን ከምንም አይቆጠርም። የመሬት ሽቦው በትክክል ሲገናኝ ስሕተቱ ወዲያው ከፍተኛ ኮረንቲ ስለሚፈጥር ብሬከሩ ይወርዳል። በተጨማሪም በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ ቢገጠም ሰውን ያድናል።

5. ለመምህራን

ይህን ትምህርት በ220 ቮልት ለማሳየት ከቶ መሞከር አይገባም። ሁለት ደረቅ ድንጋዮች፣ የባትሪ አምፖልና ረጅም ቀጭን ሽቦ ይበቃሉ። ሽቦው ሲረዝም አምፖሉ መፍዘዙን ተማሪዎች ራሳቸው ያያሉ። ተማሪዎች የማሽኑን ክዳን እንዳይከፍቱም አጥብቆ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ለደቂቃዎች እስከ 310 ቮልት ሊይዝ ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ከሰሌዳው 40 ሜትር ለሚርቅና 8 አምፔር ለሚስብ ማሽን 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ ስንት ቮልት ይጠፋል? (መልስ፦ 2.8 ቮልት)

ለ. በአንድ የላላ መጋጠሚያ የሚያልፈው ኮረንቲ በእጥፍ ቢጨምር ሙቀቱ ስንት እጥፍ ይሆናል? ለምን?

ሐ. ብሬከር ሽቦን እንጂ ሰውን አይጠብቅም የሚባለው ስለ ምንድን ነው? በቁጥር አስረዱ።