ቅንጬ አረም ሳያብብ ይነቀል

ይጁቤ፦ የባሶ ሊበን ወረዳ መሬት ከደጋው ተነስቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በእንዲህ ያለው ተዳፋት አገር ከከብት ንክኪ ተከልሎ የሚያገግም ተራራ ለገበሬው የሣርና የንብ ቀሰም ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ አጥር ከብትን እንጂ የአረም ዘርን አያግድም።

ትውልዱ ከመካከለኛው አሜሪካ የሆነው ቅንጬ አረም ወደ ኢትዮጵያ የገባ ሲሆን፣ ዛሬ በአማራ ክልልም ይገኛል። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ጥቃቅንና ነጭ ነው። በበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሊያብብ፣ አንዱ ተክልም ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ሣሩን ያጠፋል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፤ የነካው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል።

ዘሩ የሚጓዘው በጎርፍ፣ በመኪና ጎማ ጭቃ፣ በከብት ኮቴ፣ በዘር እህልና በድርቆሽ ነው። የተራቆተ መሬት ይስማማዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ግን ይቋቋመዋል። በመሆኑም በክልሉ ውስጥ ቀድመው መታየት ያለባቸው መግቢያው፣ የእግር መንገዱና የቦረቦሩ አፍ ናቸው።

«ከብት ገብቶ ይብላው» የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። ነገር ግን ከብት አረሙን ትቶ ሣሩን ስለሚመርጥ መሬቱ ተራቁቶ አረሙ ይበረታል።

ከባዱ ጉዳይ የሣር ክፍፍሉ ነው። አረሙ ዘር ባፈራበት ቦታ የበቀለ ሣር ታጭዶ ወደየቤቱ ቢሄድ ዘሩ አብሮ በየማሳው ይዳረሳል። ስለዚህ ያ ቦታ በዚያ ዓመት አይታጨድም። ድርሻው እዚያ የደረሰው ገበሬ ግን ብቻውን እንዳይጎዳ፣ መሪዎች ከንጹሑ ሣር እንዲካፈል አስቀድመው በስብሰባ ማስወሰን ይኖርባቸዋል። ይህ ካልተደረገ አረሙን ያየ ሰው ድርሻውን ላለማጣት ዝም ይላል።

የመዘግየትን ዋጋ ጣና አሳይቷል። እምቦጭ በሐይቁ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወቀ፤ በ2015 ሐይቁ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዘገበ። መዝገቡ ግን አረሙን አላቆመውም፤ ሕዝቡ ለዓመታት ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል።

ቅንጬ አረም የሚነቀለው ዝናብ መሬቱን ባራሰ ጊዜ፣ ከማበቡ በፊት፣ እጅን ሸፍኖ፣ ከነሥሩ ነው። ያበበው በጆንያ ታስሮ ከሣሩ በራቀ ባዶ ቦታ ይቃጠላል እንጂ ለብስባሽ ማዳበሪያ አይውልም። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ የተነቀለበት ቦታ ምልክት ተደርጎበት በየክረምቱ ደጋግሞ መታየት አለበት።