ሊቃውንት በኪምያ ስለ ምን አመኑ

ልጆች ሆይ፤ ከ300 ዓመት በፊት በአውሮፓ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት እርሳስን ወርቅ ለማድረግ ይደክሙ ነበረ። ይህ ጥበብ ኪምያ ይባላል። ዛሬ የሚሰማው ሰው ይሥቃል። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ይስሐቅ ኒውተን ነበረ፤ ፍሬን ወደ ምድር የሚስበው ኀይል ጨረቃንም በመንገድዋ እንደሚይዛት የገለጠ እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሲኖር የምድጃው እሳት ብዙ ሳምንት ቀንም ሌሊትም ይነድ ነበረ። ይህን ሰው ሞኝ ልንለው አንችልም። እንግዲህ ስለ ምን አመነ?

አስቀድሞ ዓይን የሚያየው ምስክር ነበረ። ዛሬ ስሎቫኪያ በሚባለው፥ ያን ጊዜ ግን በሀንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረው አገር፥ ሄረንግሩንድ በሚባል ስፍራ የመዳብ ጕድጓድ ነበረ። ከጕድጓዱ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ብረት ቢጥሉ፥ ከጊዜ በኋላ ብረቱ ጠፍቶ በስፍራው ቀይ መዳብ ይገኛል። ከዚያም መዳብ ጽዋ እየሠሩ ለእንግዶች ይሸጡ ነበረ። አንተ በዚያ ቆመህ ብታይ ኖሮ ምን ትል ነበረ? ብረቱ መዳብ ሆነ ትል ነበረ፤ እነርሱም እንዲሁ አሉ። የነገሩ እውነት ግን መዳቡ ፊቱን በውሃው ሟሙቶ መኖሩ ነው። ብረቱ ሲሟሟ መዳቡ ከውሃው ወጥቶ በስፍራው ተቀመጠ።

ደግሞም ፍሬ በዛፍ ላይ እንዲበስል ብረትና እርሳስም በምድር ሆድ ቀስ በቀስ ይበስላሉ፥ ፍጻሜያቸውም ወርቅ ነው የሚል የቆየ ትምህርት ነበረ። እንዲህ ከሆነ በእሳት ማፍጠን ይቻላል ብለው አሰቡ።

ከዚህ የሚበረታው ምክንያት ግን አዲሱ ትምህርት ራሱ ነው። ሮበርት ቦይል በ1661 ዓመት (በአውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ፍጥረት ሁሉ ከአራቱ ባሕርያት፥ ከእሳት፥ ከነፋስ፥ ከውሃና ከመሬት ተሠራ የሚለውን ትምህርት ተከራከረ። እርሱ እንዳለው ሁሉም የተሠራው ዓይን ከማያየው ጥቃቅን ቅንጣት ነው፤ የቅንጣቱም ባሕርይ በሁሉ አንድ ነው። በአንድ ዓይነት ድንጋይ ቤትም ግንብም እንዲሠራ፥ የእርሳስ ቅንጣት አሰላለፉ ቢለወጥ ወርቅ የማይሆንበት ምክንያት አልታየውም። በጊዜው ይህን ሐሰት ነው ብሎ ሊያስረዳ የሚችል ማን ነበረ?

አታላዮችም አልጠፉም፤ ስለ እነርሱ ግን ሌላ ጊዜ እናወራለን።

በ1789 ዓመት ላቯዝዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሁሉን በሚዛን እየመዘነ፥ ሊለያዩ ያልቻሉትን ነገሮች ዘርዝሮ ጻፈ፤ ወርቅም እርሳስም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተቈጠሩ። ኒውተን ግን በ1727 ዓመት ሞቶ ነበረ። ስለ ኪምያ የጻፈው እጅግ ብዙ ወረቀት ሳይታተም ተቀምጦ ኖረ፤ ከ200 ዓመት በኋላ በ1936 ዓመት በለንደን በጨረታ ተሸጠ።